አሥራ ሦስት ደቂቃ

ኬርቬል ላይ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይመጣል፣
ሁለቴ ደግሞ ጥሎን ይወጣል።
ኦይስተር አርቢው ቦቲውን ስቦ፣ ትራክተሩን አስነስቶ
ጭቃው ላይ ይወርዳል፣ የጉልቨንን ሰዓት አይቶ።
ጉልቨንን ራሱን ግን ዘጠኝ ዓመት ያየው የለም፤
ፕሮግራሙን ጽፎ፣ በነጻ በትኖ፣ ሄደ። አልተሰናበተም።

እኔ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ነኝ፣ አዜኖር፤
ሥራዬ ደረሰኝ፣ የናፍጣ ዋጋ፣ የከረጢት ቁጥር።
ኮድ የለመድኩት በብርዱ ወራት፣ ማታ ማታ፣
ልጄ ጥሎት በሄደው ኮምፒውተር፣ አንድ ቁልፉ በወለቀ።

ጃንዋሪ አንድ ጠዋት ሰዓቱ ዝም አለ።
ሰንጠረዡ አልቆ ነው።
እስከዚያ ሌላ ሰው ይመጣል ብሎ ይሆናል፤
ወይ ጭራሽ አላሰበው ይሆናል።

ጻፍኩለት። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። መልስ የለም።
ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤
እኔ ግን የምነቀንቀው አጥር ፈልጌ አጣሁ።
ከፋይሉ አናት ላይ አንዲት አንቀጽ አነበብኩ፦
ውሰድ፣ ይላል። ለውጥ። ሽጠው ብትፈልግ።
ስሜን ብቻ ከላዩ አትፋቅ።
ዋስትና የለውም፤ ብትሰምጥ አትክሰሰኝ።

ሰው ቤቱን እንዲህ ትቶት ይሄዳል?
በሩ ገርበብ፣ ቁልፉ ከውስጥ እንደተሰካ፣
መብራቱ እንኳ ሳይጠፋ?
«አደራ» የምትል ቃል ፈለግኩ በመስመሮቹ መካከል፤
የለችም። ከላይ እስከ ታች የለችም።
አደራ ቢለኝ እምቢ እል ነበር፤
ዝም ስላለ ነው የተሸከምኩት።

ገባሁ። የሰው ጓዳ ነው ኮድ፤
ባለቤቱ በሌለበት ሲከፍቱት ያሳፍራል።
አንዱን ስሌት ሮዘን ብሎታል፣ ሚስቱ ትሁን ጀልባው እንጃ፤
ሌላው ላይ «ለጊዜው» ብሎ ጽፏል፣
ዐሥራ አንድ ዓመት የኖረ ለጊዜው።
እዚህ ጋ ተናድዷል። እዚያ ጋ እንቅልፍ ይዞታል።
ከዚያ፣ መስመር አራት መቶ ሰባት ላይ፣
አሥራ ሦስት።
ሙላት ላይ አሥራ ሦስት ደቂቃ ይጨምራል፣
ጉድለት ላይም። ለምን፣ አይልም።
ስሕተት ነው አልኩና ሰረዝኩት፤
እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ እየተደሰትኩ፣ ሰረዝኩት።

በማግስቱ ቱርያው ሰዓቱን አምኖ ወረደ፤
ውኃው ገና አልሄደም ነበር።
ትራክተሩ ጨው ጠጣ። እሱ እስከ ወገቡ ቆሞ
በብሬቶንኛ ስሜን ጠራ፤
ከስሜ ቀጥሎ ያለውን እዚህ አልጽፈውም።
ዋስትና የለውም ልለው ዳዳኝ።
ዋጥኩት። የጥገናውን በሦስት ወር ከፈልኩ።

ጉልቨንን ያገኘሁት ባሕር በማይሸትባት ከተማ፣
የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሆድ ውስጥ ገብቶ፣
ቅንድቡ አቧራ ለብሶ።
«ፕሮግራምህን እኔ ይዤዋለሁ» አልኩት።
«የቱን?» አለ። ከልቡ ነው።
«አሥራ ሦስቱስ?» ስል ግን ቀና አለ፣
«አልነካሽውም አይደል?»

ዝምታዬን ሰምቶ ሳቀ፣ ብዙም ሳይሆን።
«የአባቴ ነው» አለ። «ሰንጠረዡ የተሠራው ለትልቁ ወደብ ነው፤
ኬርቬል ከዐለቶቹ ጀርባ ናት፣
ባሕሩ ወሬውን ዘግይቶ ነው የሚሰማ፣ ይል ነበር።
አላመንኩትም። አንድ በጋ ሙሉ ቆሜ ለካሁ።
አሥራ ሦስት።»
«ለምን አልጻፍከውም ታዲያ?»
የኦርጋኑን ቧንቧ በጨርቅ ወለወለ፣ አንዴ ነፋው፤
«ያኔ» አለ፣ «የሚያውቁት ሁሉ በሕይወት ነበሩ።»

ምርቃት አልሰጠኝም፣ ይቅርታም አልጠየቀኝ።
ፋኖሱን ያዢልኝ አለ፤ ያዝኩለት፣ እስኪጨርስ።

ማታውኑ መለስኩት፣ መስመር አራት መቶ ሰባት ላይ።
ሰንጠረዡን ለሠላሳ ዓመት አሰላሁ፤
ሲያልቅ ሰማንያ ሁለት ይሆነኛል፣ ከሆነልኝ።
ስሙን ከላይ እንዳለ ተውኩ፣ ስሜን ከሥሩ አከልኩ፤
ከቁጥሩም ጎን፣ ለማላውቀው ለዚያ ሰው፣ እንዲህ ብዬ፦
«ከዐለቶቹ ጀርባ ስለሆንን ነው።
ቱርያውን ጠይቅ፤ ካለ።
መሰረዝ ትችላለህ።»